አንድ ጣት ያጠረ እግር

ጥቅምት 3

ለምወድህ ለወንድሜ ልጅ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ስወጣ ያማርረኛል፤ እሱም ከእኔ ጋር ያረጀ ነውና አልፈርድበትም። ያለህበትን ቤት እግዚአብሔር ይጠብቅልህ፤ መውጫ መግቢያህን ያቅናልህ።

ችኩሌ፣ በስልክ ስንገናኝ ሁለታችንም «ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ» ተባብለን መስመሩ ይቆረጣል። ደብዳቤ ይሻለኛል። ወረቀት ላይ ማንም አያቋርጠኝም፤ አንተም ጭምር።

የሰው ሠራሽ እግር ወርክሾፓችን ሰፍቷል። አንተ ሳለህ ሁለት ክፍል ነበረን፤ አሁን ሦስት ሆነናል፤ የእግር ፈላጊው ብዛት ግን ለአሥር ክፍል ይበቃል። በበሩ ጥግ ያለችውን ረጅም አግዳሚ ወንበር ታስታውሳታለህ? ጦርነቱ ካለቀ ወዲህ የወንዙ ማዶም የወንዙ ወዲህም ሰው እዚያችው ላይ ተደርድሮ ተራውን ይጠብቃል። መጀመሪያ ሰሞን ማዶዎቹ በበሩ በኩል፣ ወዲህኞቹ በመስኮቱ በኩል ሆነው መሀሉን ባዶ ይተዉት ነበር። አሁን ሰው ስለበዛ ወደዱም ጠሉም ተጠጋግተዋል። ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንዱ ግራ እግሩን፣ ሌላው ቀኝ እግሩን አጥቷል። ሲጠያየቁ ለካ በአንድ ቀን፣ በአንድ ኮረብታ ላይ ነው፤ አንዱ ከላይ ይተኩሳል፣ አንዱ ከታች። ሁለቱም ተፋጠጡ። እኔም ጉድ ሊፈላ ነው ብዬ ጀሶ ማቡካቴን ተውኩ። ከዚያ አንደኛው «ጫማህ ስንት ቁጥር ነው?» አለው። «አርባ ሁለት።» «የኔም አርባ ሁለት ነው!» ብታምንም ባታምንም፣ እግራቸው ተሠርቶ እስኪደርስ አንድ ጥንድ ጫማ ገዝተው ተካፈሉ። በሳቅ ስንንፈራፈር ጀሶዬ ባልዲው ውስጥ ደረቀብኝ።

ገንዘብ ልላክ ወይ ብለህ ነበር። አትላክ። ካልሲ ላክልኝ። ወፍራም፣ የጥጥ፣ ስፌት የሌለው። እግሩ የተቆረጠበት ላይ የሚደረግ ነው፤ ስፌት ካለው ቆዳውን ይልጠዋል። እዚህ ገበያ ያለው ሁሉ ስፌት አለው።

ደግሞስ መቼ ነው የምትመጣው? አሥራ አንድ ዓመት እኮ ሆነ! አሥራ አምስት ዓመትህ ነበር ስሸኝህ፤ በፎቶው ላይ ጢም አብቅለህ የማላውቀው ሰውዬ መስለሃል። በየዓመቱ «ለከርሞ» ትለኛለህ። እኔ የምፈልገው ካልሲ ሳይሆን አንተን ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ ሳትደነግጥ አንብበው። ልብስ ሰፊው ተፈቷል። የማዶ ተወላጅ አዋቂ ወንድ ሁሉ በሚታደንበት በዚያ ሰሞን አባትህ የተደበቀበትን የፓምፕ ቤት ለታጣቂዎቹ በጣቱ ያሳየው፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን። የተፈረደበትን አሥር ዓመት ጨርሶ ወጥቷል። እስር ቤት ሳለ ቁስል አመርቅዞበት ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች ቆርጠውታል። ማክሰኞ ዕለት በሁለት ክራንች መጥቶ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ተራ ቁጥሩ አርባ አንድ ነው። ልኬት የምንወስደው ሁለት ሰዎች ነን፤ አለቃችን ዓይኑን ታክሞ እረፍት ላይ ነው። ያለሁት እኔ ብቻ። ምን እንደማደርግ አላውቅም።

በጸሎትህ አትርሳኝ።
አክስትህ

ጥቅምት 21

ለተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። በጤና መሆንዎን ስለሰማሁ ደስ ብሎኛል። እኔም ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው ልብስ ማጠቢያው ነው። የሆስፒታል አንሶላ በጋሪ ይመጣል፤ እናጥባለን፣ በትልቁ ካውያ እናሳልፋለን፣ እናጣጥፋለን። ቀኑን ሙሉ ነጭ ብቻ ነው የማየው።

ካልሲውን ልኬያለሁ፤ አሥር ጥንድ ነው፣ ስፌት የለውም። ለማንም ይስጡት፤ ለዚያ ሰውዬ ግን አንዲት ፍሬ እንዳይሰጡ። እንዳይነኩትም እለምንዎታለሁ። አለቃዎ እስኪመለሱ ይጠብቅ፤ ወይ ሌላ ከተማ ይሂድ። በክራንች የሚሄድ ሰው በዓለም ላይ እሱ የመጀመሪያው አይደለም።

የአባቴን ሬሳ በጋሪ ያመጣነው እርስዎና እኔ ነን። እኔ አልረሳሁም። እርስዎ ከረሱ ይንገሩኝ።

ስለዚያ ቀን ያወራው ነገር ካለ ደግሞ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 14

ለማይነካው፣ ለቁጡው፣ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን፤ የላይኛው ጌታ ቁጣህን ያብርድልህ። «እርስዎ» አልከኝ እኮ! ከተወለድክ ጀምሮ «አንቺ አክስቴ» እያልክ ቀሚሴን ስትጎትት ያደግህ ልጅ፣ አሁን ተከበርኩልህ። ልጅ ሆነህም ስትናደድ እንደ እንግዳ «አመሰግናለሁ» እያልክ ነበር የምትበላው። ልክ አባትህን።

አልረሳሁም። ጋሪው አንድ ጎማው ይንጫጫ ነበር። አንተ «ቀስ እንበል፣ ያመዋል» ያልከኝንም አልረሳሁም። እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳትጽፍልኝ።

ካልሲው ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ለሰፊው እንዳልሰጥ ባልከው መሠረት አልሰጠሁትም። ልኬቱን ግን ወስጃለሁ።

በፊት ቄሱ ዘንድ ሄጄ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑን አጥር ቀለም ሲቀቡ አገኘኋቸው። «ልቤ አይፈቅድም» አልኳቸው። «ልብሽን ማን ጠየቀሽ?» አሉኝ ብሩሻቸውን ሳያስቀምጡ። «ጌታችን ይቅር በላቸው ሲል ምስማሩ ገና ከእጁ አልተነቀለም ነበር። አንቺ በእጅሽ ጀምሪ።» ተናድጄ ሄድኩ። ለሳቸው መናገር ቀላል ነው፤ ወንድማቸው አልሞተ። ለሌላ ሰው ያልነገርኩትን ልንገርህ? አባታችን ሆይ ስንደግም፣ ስለ በደል የሚለው ጋ ስንደርስ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አፌን ዘግቼ ነው የማልፈው። ማንም አላወቀብኝም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል አንድ ድምፅ ቢጎድል ማን ይሰማል?

አርባ አንድ ቁጥር ሲጠራ ተነሥቶ መጣ። ወንበሯ ላይ ያሉት ሁሉ ታሪኩን ስለሚያውቁ አንገታቸውን አስግገው አዩን። ከፊቴ ቆመና «ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ፤ ሰው እንዲሰማለት ሳይሆን ድምፁ ጠፍቶበት። «እግርህን ዘርጋ» አልኩት። ያልኩት ይሄንን ብቻ ነው። ጀሶ የነከርኩትን ጨርቅ እግሩ ላይ ስጠመጥም እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ላብ ያጠምቀው ነበር። ጀሶው እስኪደርቅ ሩብ ሰዓት አለ፤ ያን ሁሉ ሰዓት እግሩን ይዤ መቀመጥ ግድ ነው። በሥራዬ ይሄን ያህል የረዘመ ሩብ ሰዓት አላየሁም።

«ለምን?» ብዬ የጠየቅኩት ያኔ ነው፤ እሱም አወራ። ታጣቂዎቹ የልብስ መኪናውን አውጥተው መንገድ ላይ ከሰበሩ በኋላ ሚስቱንና ልጆቹን በር ላይ አስቁመው «የቆጣሪ አንባቢው ጎረቤትህ የት ነው?» አሉት። «ማምለጫ አድርጌ አይደለም የምነግርሽ፤ ጠየቅሽኝ ብዬ ነው» አለ። «አንተስ ከማን ሰማህ?» አልኩት። «እሱን ተዪው እህቴ። የጠቆመው ጣት የኔ ነው» አለኝ። እሱ ባይናገርም የነገረውን ሰው እኔ አውቀዋለሁ። የፓምፑ ዘበኛ ነው። አባትህ እዚያ መሆኑን የምናውቀው አንተ፣ እኔና ቁልፉን የሰጠን ዘበኛው ብቻ ነን። እሱ ሞቷል፤ አፈሩን አላከብድበትም። ሚስቱን ግን እስከ ዛሬ ሰላም አልላትም። ከቅዳሴ ስንወጣ እሷ በአንዱ በር፣ እኔ በሌላው።

አንድ ነገር አናደደኝ። ሊሄድ ሲል «ልጁ ቁመቱ ስንት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። አንተን ማለቱ ነው! ምን አገባው?

ሌላ ወሬ፦ የእርቅ ኮሚቴ የሚባል ተቋቁሟል። ሁለት ሰዎች ከረቫት አስረው መጡና፣ በትልቁ አዳራሽ «የአንድነት ቀን» ስላለ እኔና ሰፊው መድረክ ላይ ወጥተን ብንተቃቀፍ ለአገር ትልቅ ምሳሌ ነው አሉኝ። ቴሌቪዥንም ይመጣል። «ለካሜራ ያቀፍኩት ሰው የለም፤ ባሌን ራሱ ፎቶ ስንነሳ አላቀፍኩትም» ብዬ መለስኳቸው።

ጤና ሁን። ና ብዬሃለሁ።
አክስትህ

ታኅሣሥ 1

አክስቴ፣

እንደምን አለሽ? ጤና ይስጥሽ። «እርስዎ» ያልኩሽን ይቅር በይኝ።

አጭር ነው የምጽፈው፤ ፈረቃዬ ሊገባ ነው። ለወርክሾፑ ገንዘብ ልላክና ሌላ ሠራተኛ ቅጠሩ፤ የሰፊውን እግር አዲሱ ሠራተኛ ይሥራው። ባይሆን የመሳፈሪያውን ልክፈልና ሌላ ከተማ ሄዶ ያሠራ። ምንም ያህል ቢሆን እልካለሁ። ከሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ አትቀመጪ። ሰው ብዙ ሲቀመጥ ብዙ ያወራል።

ስለኔ ከዚያ ሌላ ምን አለ? ለምንድን ነው ስለ ቁመቴ የጠየቀው?

ዘንድሮ ፈቃድ አልሰጡኝም። ለከርሞ እናያለን።

ልጅሽ

ጥር 25

ለወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከረምክ? ዝም ያልኩህ ታምሜ አይደለም። አፍሬ ነው። ሰው ፊት የማልናገረውን ለወረቀት ልናገረው ብዬ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት።

ችኩሌ፣ እኔ ክፉ ሥራ ሠራሁ።

የሰፊውን ደህና እግር ከጉልበት እስከ ወለል ስለካ አርባ ስድስት ሴንቲ ሜትር መጣ። ወረቀቱ ላይ አርባ አራት ከግማሽ ብዬ ጻፍኩ። እጄ ሲጽፍ ዓይኔ ያያል። አሥራ አራት ዓመት እግር ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ስህተት ተሳስቼ አላውቅም፤ ስህተትም አልነበረም። አንድ ጣት ነው ያሳጠርኩበት። የማይታይ ነገር፤ ግን ዕድሜ ልክ ወገብን የሚያሳምም፣ በየእርምጃው የሚያስታውስ። በየእርምጃው ያስታውሰው አልኩ።

ሥርዓታችንን ታውቃለህ፤ አዲስ እግር የገጠመ ሰው በሁለቱ የድጋፍ ብረቶች መሀል ሲራመድ ሠሪው በወዲያኛው ጫፍ ፊት ለፊት ይቆማል። ማነከሱ ከፊት ካልሆነ በደንብ አይታይም። የዚያን ቀን እኔ አልቆምኩም። ጀርባዬን ሰጥቼ ባልዲ አጥብ ነበር። እየተራመደ ብረቱን አልፎ ወጣና «ተመችቶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት የላላችውን የእግሩን ማሰሪያ ቀበቶ እንዳጠብቅለት መጣ። ሱሪውን አውልቆ ሰጠኝ፤ እኔም ወንበር ላይ ላስቀምጠው አጣጠፍኩት። ሁለቱ እግሮች እኩል አልመጡልኝም። አራገፍኩና እንደገና አጠፍኩት። ያው ነው። የግራው በአንድ ጣት ያጥራል። አሰፋፉ ደግሞ እንዴት ያለ መሰለህ፣ በአጉሊ መነፅር ብትፈልገው መርፌው የገባበት አይታይም።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ምኑ?»

«ሱሪው ነዋ!»

«ጫማው ላይ እየተኮማተረ አስቸገረኝ፤ ሰው እንዳያይ አሳጠርኩት።»

«ስታነክስ እንዳያይህ?»

«አይ፣ እኔስ ሰው ቢያየኝ ምን አለብኝ። አንቺ እንደሠራሽው አገር ያውቃል። በሥራሽ ሰው እንዳይስቅ ብዬ ነው።»

ችኩሌ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «ሠላሳ ዓመት ሰው ለክቻለሁ። እጅ ሲሳሳት አውቃለሁ፤ ሳይሳሳትም አውቃለሁ። የሚገባኝ ነው ብዬ ተቀበልኩት» አለኝ።

እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ ለአባትህም እንዲያ አላለቀስኩም። «ይቅር በለኝ» አልኩት። «አንቺ? እኔን?» አለና ግድግዳውን ይዞ ቆመ፤ የሚገባበት ጠፋው። እግሩን ፈታሁት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ አዲስ ሠራሁ። ለክቼ፣ ደግሜ ለክቼ። አርባ ስድስት። ከዚያ ብረቶቹ ጫፍ ላይ ሄጄ ቆምኩ፤ ፊት ለፊት። እሱ ወደ እኔ ተራመደ። አምስት እርምጃ ነች። ቀጥ ብሎ ነው የመጣው፤ ምንም አላነከሰም። ሲደርስ እጁን ያዝኩትና «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። ሁለታችንም መላቀቅ ሲያቅተን ከወንበሯ ላይ ያ የጫማው ሰውዬ «እኛም እኮ ተራ እየጠበቅን ነው!» ብሎ ጮኸ። ሁሉም ሳቀ፤ የማዶውም የወዲህኛውም።

እሑድ ያቺን የጸሎት ቃል በሙሉ ድምፄ አልኳት። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ዞራ አየችኝ።

የኮሚቴው ሰዎች ወሬውን ሰምተው እንደገና መጡ። መድረኩን አሁንም እንቢ አልኩ። ሊቀመንበሩን ግን «ማየት ከፈለግህ ሐሙስ ያለ ካሜራ ናና ወንበሯ ላይ ተቀመጥ» አልኩት። መጣ። ከጧት እስከ ምሳ ሰዓት በሁለት ሰዎች መሀል ተጣብቆ ሲሰማ ዋለ። እኔ የአገር ቁስል ሲባል ትልቁ ነገር አይገባኝም። የማውቀው ይሄን ነው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ እግር አይገጠምም፤ ከደረቀም በኋላ እየለካን ደጋግመን እናስተካክለዋለን።

አሁን ይሄን ሁሉ አውቀህ ልትጠላኝ ትችላለህ። ግን ከሌላ ሰው ከምትሰማው ብዬ ነው።

አክስትህ

የካቲት 12

ለአክስቴ፣ ለእናቴም፣

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽን በሥራ ቦታ፣ አንሶላ ክምር ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። አለቃዬ ሰው ሞተብህ ወይ አለኝ።

አልጠላሁሽም። አንቺ አንድ ጣት ነው ያሳጠርሽው፤ ያንንም ነገርሽኝ። እኔ ያልነገርኩሽ አለ።

ዘበኛው አይደለም። እኔ ነኝ።

አባዬ ከመያዙ በፊት በነበረው ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤት ሱሪዬን ልለካ ሰፊው ጋ ሄጄ ነበር። አንቺ ነሽ የላክሽኝ፤ ግራጫውን። በሩ ላይ አቁሞኝ ጫፉን በስፒል እየያዘ፣ አፉ ስፒል ሞልቶ፣ «አባትህ ደህና ነው? ጠፋብኝ እኮ» አለኝ። ለእኛ ጥሩ ሰው ነበር። የአባዬን ኮት በነፃ ነበር የሚጠግነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ምግቡን በደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ደብቄ ስወስድ ለማንም ሳልናገር ቆይቼ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ትልቅ ሰው ሆኜ መታየት አማረኝ። «ፓምፕ ቤት ነው፤ ምግቡን የማደርስለት እኔ ነኝ» አልኩት። «ጎበዝ፤ ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ መጡ።

አንቺ ዘበኛውን ስትረግሚ አጠገብሽ ቆሜ ነበር። ሚስቱ ለቅሶ ልትደርስ መጥታ በሩን ስትዘጊባትም ነበርኩ። ዝም አልኩ። አልቅሰሽ ስትሸኚኝ እኔ እፎይ ብዬ ነው የሄድኩት። ሰፊው ፍርድ ቤት በቆመ ጊዜ ስሜን እንዳይጠራ ጸለይኩ፤ ቀጥሎ እንዲሞት ጸለይኩ። ስሜን አልጠራም። ለምን እንዳልጠራ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ፈቃድ ከልክለውኝ አያውቁም፤ በየዓመቱ ይሰጡኛል፤ ክፍሌ ውስጥ ተኝቼ እጨርሰዋለሁ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ካልሲ አለ። አንዱ ጥንድ የእሱ ነው።

ባትመልሺልኝም እረዳሻለሁ።

መጋቢት 28

ለልጄ፣

ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሃያ ስምንት ቀን ሆነኝ። እየጠበቅህ እንደተሰቃየህ አውቃለሁ። አልዋሽህም፤ ተቆጥቼህ ነው።

በአባትህ አይደለም። እሱን አንተ አልገደልከውም። ልጅ ነበርክ፤ ጎረቤትህን አመንክ፤ ጎረቤት ሊታመን ነው የተፈጠረው። የተቆጣሁህ በዘበኛው ሚስት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ያቺን ሴትዮ አፈር አብልቻታለሁ። ባሏ ቁልፍ ሰጥቶ ነፍሱን ለእኛ ያስያዘ ሰው ነው፤ እኔ ልጆቹን እንኳ በመንገድ ሳገኝ ፊቴን አዞርኩ። አንተ አንድ ቃል ብትናገር ይሄ ሁሉ አይሆንም ነበር። ይሄን ሳልነግርህ ይቅር ብዬሃለሁ ብልህ ውሸቴን ነው።

ሄድኩባት። በሩን ከፍታ አየችኝና መልሳ ዘጋችው። ደግ አደረገች። በሁለተኛው ሳምንት ስሄድ አስገባችኝ፤ ሁሉንም ነገርኳት፤ ያንተንም። ሰምታ ስትጨርስ «ባሌ ሲሞት እንኳ ቆሽቱን ያሳረረው አንቺ የምትይው ነገር ነበር» አለችኝ። ይቅር አላለችኝም። «አስብበታለሁ» አለች። መብቷ ነው። በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ እኔ በእሷ በር ወጣሁ፤ አልሸሸችኝም። አንተም ራስህ ትጽፍላታለህ። ይሄን ለምኜህ አይደለም።

አሁን ወዳንተ። ይቅር ብዬሃለሁ። ዝም ስላልከው ማለቴ ነው፤ ለሌላው ይቅርታ አያስፈልግህም። አምላክ ደግሞ ከእኔ ይቀድማል፤ አንተው ራስህ ብቻ ነህ የቀረኸው።

ለሰፊው ነገርኩት። ካልሲውን ስሰጠው ነው። «ልጁ ነገረኝ» ስለው ተቆጣኝ እኮ! «ለምን ነገረሽ? እኔ አልበቃሁም ወይ?» አለኝ። ያን ዕለት የጠየቀህ ለክፋት አልነበረም፤ አባትህ ስለጠፋበት ነው። ማታውን ሙሉ «ምነው ባልሰማሁ» ሲል አድሮ ጧት በሩን ደበደቡት። ዳኛው ከማን እንደሰማ ሦስት ጊዜ ጠይቆታል። «የልጁን አባት ወሰድኩበት፤ ስሙን ደግሞ ልውሰድበት?» አለኝ።

በማግሥቱ በፌስታል አንድ ነገር ይዞ መጣ። የአንተ ግራጫ ሱሪ ነው። ሚስቱ ከልብስ መኪናው ስብርባሪ ጋር አስቀምጣው ኖራለች። ስፒሎቹ ጫፉ ላይ እንዳሉ ናቸው፤ ዝገው ጨርቁ ላይ ነጥብ ነጥብ ጥለዋል። ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቶ እያየው «ሥራውን አላስረከብኩትም» አለ። ያኔ ቁመትህን የጠየቀኝ ለዚህ ነበር። ይሄ እንደማይበቃህ ያውቃል፤ ጨርቅ ገዝቷል፤ ያው ግራጫ ነው። ልክህን ላክ ብሎሃል። መላክ ካልፈለግህም አይከፋውም፤ ይሄንንም ንገሪው ብሎኛል።

መቼ ትመጣለህ አልልህም። ጠይቄ ጠይቄ ምላሴ ደከመኝ።

አክስትህ

ሚያዝያ 16

ለአክስቴ፣

ሰላም ለቤትሽ፣ ለጉልበትሽም ጭምር። ከዚህ ጋር ያለው የታሸገው ፖስታ ለዘበኛው ሚስት ነው፤ ብታነበውም ባታነበውም በእጇ ስጪልኝ።

ይሄ የሰፊው ነው፦

ወገብ 82። ዳሌ 97። ጭን 58። የውስጥ ርዝመት 79። የውጭ ርዝመት 105።

ሜትሩን ከሥራ ቦታ ተውሼ ነው። ራስን ለብቻ መለካት አስቸጋሪ ነው፤ ጎንበስ ስል ሜትሩ ይሸሻል፤ ርዝመቱ ላይ አንድ ጣት ያህል ሳልሳሳት አልቀርም። ስለዚህ ንገሪልኝ፤ ሌላውን ይስፋው፣ ጫፉን ግን እንዳይዘጋው። ፈቃዴን ወስጃለሁ፣ ቲኬቱም እጄ ላይ ነው። ሰኔ 12 እደርሳለሁ። በሩ ላይ ቆሜ እሱ ራሱ ይለካኛል።

ልጅሽ